የጉልበት ዘይት ያልቃል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከጎንደር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የአቋቋም መምህር ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሌሊት ማኅሌት ይቆማሉ። ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆነ። የሚገርመኝ ግን ዝም ብለው ሲቆሙ ያማቸዋል፤ ዝማሜው ተጀምሮ መቋሚያቸውን ይዘው ሲወዛወዙ ይተዋቸዋል። ቁጭ ብለው ቆይተው ሲነሡ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እንደ ዛገ ማጠፊያ ናቸው። ከዚያ ይፍታታሉ። እሳቸው ‹ዘይቱ አልቋል› ይላሉ። ወንድሜ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው። ‹ኩሽኔታ በዞረ ቁጥር ያልቃል፤ አርፈው ይቀመጡ› ይላል። ጎረቤታችን በመርፌ የሚሰጥ የጉልበት ዘይት አለ ብላናለች። ጠዋት ጠዋት ተልባ ይጠጡ የሚሉም አሉ። ማንን እንስማ?»

እህቴ፣ አስቀድሜ ማንነቴን ልንገርሽ። ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ማሽን ነው፤ በተለይ ሁለት ነገሮች ተደጋግፈው ሲንሸራተቱ መሐላቸው ምን እንደሚሆን ማየት። ሙያው ትራይቦሎጂ ይባላል። ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ አገር በወጣ ሪፖርት ነው። ነገሩ ግን የጋሪ ጎማ ግራሶ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ስለ ሰበቃው፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ መንሸራተታቸውን ስለሚይዘው ኃይል፣ እና ስለ ቅባቱ እመልስልሻለሁ። የየኔታን ጉልበት ነካክቶ የሚያይ ሐኪም ግን ያስፈልጋል። እሱን ወደ ኋላ ላይ አነሣዋለሁ።

ከወንድምሽ ልጀምር፤ የተናገረው ለመኪና ልክ ነውና። ግን መኪናውም ራሱ እንዴት እንደሚቀባ ብዙ መካኒክ አስቦት አያውቅም። ዘይት «ያለሰልሳል» ብለን እናልፈዋለን። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ቢውቻምፕ ታወር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 የባቡር ዘንግ የሚያርፍበትን ኩሽኔታ ይሞክር ነበር። ዘይት ለማጠጣት አናቱን በሳው። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ እንደ መግባት በቀዳዳው ገንፍሎ ወጣ። በቡሽ ወተፈው። ቡሹ ወጣ። በእንጨት ወተፈው። እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ገጠመበት። የዘይቱ ግፊት ኩሽኔታው ላይ ካለው አማካይ ጭነት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለካ ዘንጉ ብረቱን አይነካም ነበር! በራሱ መዞር ዘይቱን እየጎተተ ከሥሩ ያስገባል፣ ከዚያ በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የዚህን ነገር ሒሳብ ሠራው። ዛሬም የምንጠቀመው ያንኑ ነው።

በክረምት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትመጪ ዝናቡ አስፋልቱን ሲሸፍነው መኪና መሪ አልታዘዝ የሚለው ለምን ይመስልሻል? ጎማው መንገዱን ለቆ ውሃው ላይ ስለሚወጣ ነው። ያው ነገር ነው።

ይህ ተንሳፋፊ ሽፋን እንዲፈጠር ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ፍጥነት፣ ዝልግልግ ያለ ፈሳሽ፣ እና እየጠበበ የሚሄድ ሽብልቅ መሳይ ክፍተት። ፍጥነቱ ከቀረ ሽፋኑ ይጠፋል፤ ብረት ብረትን ይነካል። ሞተር በብዛት ተፍቆ የሚያልቀው ጠዋት ሲነሣ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። ወንድምሽን ጠይቂው፣ ይነግርሻል።

አሁን ይህን ሕግ ይዘን ወደ የኔታ ጉልበት እንምጣ። ጉልበት እንደ ዘንግ አይዞርም። ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። በእያንዳንዱ እርምጃ ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት አለ። ማኅሌት ላይ ደግሞ ብዙ ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በመኪናው ሕግ ቢሆን ኖሮ ሰው 20 ዓመት ሳይሞላው ጉልበቱ ተበልቶ ያልቅ ነበር። አላለቀም። እንዲያውም ከታረደ እንስሳ መጋጠሚያ ወስደው ሲለኩት ሰበቃው ከጭነቱ አንድ መቶኛ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል። 100 ኪሎ ጭነት በአንድ ኪሎ ግፊት እንደ ማንሸራተት ነው። እኔ በሕይወቴ የገጠምኩት ኩሽኔታ ሁሉ ሲነሣ እንዲህ አይቀልም።

እንግዲህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ያንን ሌላ ነገር ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም። ወጥ ቤት ግቢ። ለዶሮ ወጥ እንቁላል ቀቅለሽ ልጣጪው። ውሃ ውስጥ እንዳለ ያዢው። ያመልጥሻል። ጠበቅ ስታደርጊው የባሰ ያመልጣል። ከዚያ አውጥተሽ ሳህን ላይ አስቀምጪውና ሥራሽን ሥሪ። ስትመለሺ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ታገኚዋለሽ። ዘይት አልቀባሽውም፣ ዘይትም አልጠረግሽለትም። የተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ከመቶ 88 ገደማው ውሃ ነው፤ ግን አይፈስም። ለስላሳ መረብ ውሃውን ይዞታል። የሚያንሸራትተው ራሱ የያዘው ውሃ ነው። ውሃውን ሲያጣ ያው አካል ሙጫ ይሆናል።

ዓይን ውስጥ የሚደረገው ለስላሳ ሌንስም ከዚሁ ወገን ነው። ኦቶ ቪክተርለ የሚባል የቼክ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1961 ገና ሰሞን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻና በብስክሌት ዲናሞ ባበጃት ማሽን ነው የመጀመሪያዎቹን የሠራው። እዚህም ከብስክሌት ዕቃ ተአምር የሚሠሩ ልጆች ስለማውቅ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ካወቅሽ ማታ ማታ ዓይኑን ለምን እንደሚቆረቁረው ጠይቂው። ሌንሱ ስለሚደርቅ ነው።

የጉልበት አጥንቶች ጫፍም እንዲህ ባለ ነገር የተለበጠ ነው። ሥጋ ቤት አይተሽዋል። የቅልጥሙ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ ለበስ። ልም አጥንት የሚሉት አሉ፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። በሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። ከክብደቱ ከመቶ ከ65 እስከ 80 የሚደርሰው ውሃ ነው። የደም ሥር የለውም። ነርቭም የለውም።

ውሃውን እንዴት ያዘው? ሽምብራ በጆንያ ሞልተሽ፣ አፉን አጥብቀሽ አስረሽ ውሃ ውስጥ ብትነክሪው ምን ይሆናል? ሽምብራው ውሃ ጠጥቶ ማበጥ ይፈልጋል። ጆንያው አይለቀውም። ጆንያው ተወጥሮ ድንጋይ ይመስላል። ካርቲሌጅ ውስጥ ሽምብራው ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ሞለኪውሎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ውሃን እንደ ጨው ይስባሉ። ጆንያው ደግሞ ኮላጅን የሚባለው ጠንካራ ክር ነው። ይህን ጆንያ ያዢልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ሰው ሲቆምበት አስቢ። ጭነቱ ሲያርፍ ውሃው ተጨምቆ መውጣት ይፈልጋል። የመረቡ ቀዳዳዎች ግን ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ቢሆኑ ነው። ጥምቀት ዕለት ሕዝቡ ከፋሲለደስ መዋኛ በአንድ ጊዜ ለመውጣት በሮቹ ላይ ሲተፋፈግ አይተሽ የለ? ሁሉም ይገፋል፣ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው። ውሃውም እንደዚያ ነው። መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከመኪና ጎማ ግፊት ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሄድ ይችላል። ጭነቱንም ይሸከማል። መጀመሪያ ላይ ከጭነቱ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነውን የሚሸከመው ይህ የታፈነ ውሃ ነው። ጠጣሩ ክር የሚሸከመው የቀረውን ትንሽ ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰበቃ የሚመጣው ጠጣር ጠጣርን ሲደገፍ ነው። ውሃ የተሸከመው ጭነት ግን ሲንሸራተት ምንም አያስከፍልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱ አጥንቶች ቢነካኩ እንኳ፣ መሐላቸው የሚንሳፈፍ ሽፋን ባይኖር እንኳ፣ ሰበቃው ትንሽ ነው። ቅባቱ ከውጭ አልፈሰሰም። ያለው ዕቃው ውስጥ ነው።

ግን ጊዜ አለው። ውሃው ቀስ እያለ ያመልጣል። በላቦራቶሪ ቁራጭ ካርቲሌጅ ልሙጥ ነገር ላይ ጭነው፣ ጭነቱን ሳያነሡ ሲያቆዩት፣ በአንድ መቶኛ አካባቢ የጀመረው ሰበቃ በአሥርና በሃያ ደቂቃዎች ውስጥ እያደገ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጭነቱ አልተለወጠም። ቅባትም አልተነሣም። የተለወጠው ተሸካሚው ነው፤ ውሃው ሸክሙን ለክሩ አስረክቦ ወጣ።

በዚህ ላይ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ማክከቺን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ጎማ ሞክሮ መጋጠሚያ «ያነባል» አለ፤ ሲጫን ውሃውን እያነባ ራሱን ይቀባል ማለቱ ነው። በ1968 ደግሞ እነ ዳውሰን ተቃራኒውን አመጡ። ውሃው ወደ ካርቲሌጁ ይገባል፣ ውጭ የሚቀረው ፈሳሽ ይወፍራል፣ እሱ ነው የሚያለሰልሰው አሉ። በ1980 እነ ሞው ካርቲሌጅን እንደ ሁለት ነገር፣ እንደ ጠጣርና እንደ ፈሳሽ ድብልቅ አድርገው ሒሳቡን ሲሠሩት ክርክሩ ትርጉም ያዘ። እኔን ከጠየቅሽኝ ሁለቱም ወገኖች ዓይናቸው የተተከለው በሁለቱ አጥንቶች መሐል ላይ ስለነበር ነው የተቸገሩት። ትልቁ ሥራ ከገጹ በታች ነበር። ይህ ማለት መሐሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ስንራመድ ካርቲሌጁ ለስላሳ ስለሆነ ጠፍጠፍ ይልና ስስ ሽፋን እንዲፈጠር ያግዛል። ገጹ ላይም የሚያዳልጡ ሞለኪውሎች ተለጥፈዋል። ግን ሽፋኑ በጣም ስስ ነው፤ ካርቲሌጁ ራሱ ካለው ሸካራነት ብዙም አይበልጥም። በእሱ ብቻ 68 ዓመት አይኬድም።

እንግዲህ ጥያቄሽ ጋ ደረስን። ለምን ቆመው ያማቸዋል፣ ሲወዛወዙስ ለምን ይተዋቸዋል?

አቋቋሙን አባትሽ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ስሳሳት ያርሙኝ። ሳይወዛወዙ በሚዜምበት በቁሙ ጊዜ ሰውነት ይረጋል። ክብደቱ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከጭነቱ በታች ያለው ካርቲሌጅ እረፍት የለውም። ውሃው ይወጣል፣ ሸክሙ ወደ ክሩ፣ ከክሩም ሥር ወዳለው አጥንት ይሄዳል። አጥንቱ ነርቭ አለው። በዝማሜው ግን ክብደቱ ከግራ እግር ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሸክም የተነሣለት ቦታ እንደ ተለቀቀ ስፖንጅ ውሃውን መልሶ ይጠጣል። መነካኪያው ነጥብም ይዞራል፤ አንዱ ቦታ ተጨምቆ ሳይደርቅ ሌላው ይተካዋል። መቋሚያው ራሱ የሚሸከመውን ደግሞ ጨምሪበት። ከዝማሜው በኋላ መረግድና ጽፋት የሚባሉት ክፍሎች ሲመጡ እንቅስቃሴው ይብሳል። ሊቃውንቱ ዝማሜን ለጉልበት ብለው አልሠሩትም፤ እንደዚያ ማለት ድፍረት ነው። ግን አንድ የቅባት ባለሙያ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም ሰው እንቅስቃሴ አውጣ ቢባል ከዚህ ብዙ የራቀ አያወጣም።

«መራመድ እኮ ከመቆም የበለጠ ይከብዳል» ትዪኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲራመድ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል የክብደቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ግን የሚያርፈው ከአንድ ሴኮንድ ለሚያንስ ጊዜ ነው። ውሃው ለመውጣት ብዙ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክሙ መጥቶ ሳይጨምቀው ይሄዳል። ጉልበት ከክብደት ይልቅ የሚፈራው ጊዜን ነው ማለት ይቻላል።

በአሜሪካ ዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ነገር ደግሞ እኔን በጣም አስገርሞኛል። ተጨምቆ የደረቀ ካርቲሌጅን ጭነቱን ሳያነሡለት ማንሸራተት ጀመሩ። ፍጥነቱ ወደ እርምጃ ፍጥነት ሲጠጋ ካርቲሌጁ መልሶ ወፈረ። ሰበቃውም ወረደ። በጠርዙ ላይ ያለው ሽብልቅ መሳይ ክፍተት ውሃውን እየጎተተ መልሶ ያስገባዋል። የታወር ዘይት ታሪክ ነው! በ1883 ዘይቱ ቡሹን ገፍቶ ወጣ፤ እዚህ ደግሞ ውሃው ተገፍቶ ይገባል። ዝማሜ ቀስ ያለ ስለሆነ በዚህ መንገድ ብዙ የሚሠራ አይመስለኝም። እዚያ የሚጠቅመው የክብደቱ መለዋወጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚያደርጉት ጉዞ ግን በዚህኛው መንገድ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ወደ ጆንያው ልመለስ። አባትሽ በ30 ዓመታቸውም ማኅሌት ይቆሙ ነበር። ያኔ ለምን አላመማቸውም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ካርቲሌጅ መታመም ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው የውሃ ማነስ አይደለም። ውሃው ይጨምራል። የኮላጅኑ ክር ሲሰልል ጆንያው ይላላል። ሽምብራው ያለ ልክ ያብጣል። ልል ጆንያ ደግሞ ውሃውን አፍኖ መያዝ አይችልም፤ በር እንደ ሰፋለት ሕዝብ ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ ድሮ ለሰዓታት ቆመው የማይደርሱበትን ሁኔታ አሁን በትንሽ ጊዜ ይደርሱበታል። «ዘይቱ አልቋል» የሚለው ንግግር ደስ ይላል፤ ግን ያለቀ ነገር የለም። የላላ ነገር ነው ያለው።

መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ፈሳሽስ? እሱም አለ። ሲኖቪያል ይባላል። ስሙን ያወጣው ፓራሴልሰስ ነው ይባላል፤ የእንቁላል ነጭ መስሎት። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከጥንቱም የዘይት ጋን አልነበረም። ጉልበቱ ሲታመም አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ ይበዛል፣ ይቀጥናልም። ያበጠ ጉልበት አይተሽ ከሆነ ያ ነው። ይህ ፈሳሽ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። ሲረጋ ይወፍራል፣ ሲንቀሳቀስ ይቀጥናል። ቁጭ ብለው የቆዩ ሰው ሲነሡ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚከብዷቸው በከፊል በዚህ ነው። በከፊል ደግሞ ጉልበቱን የከበቡት ጡንቻዎችና ጅማቶች ስለሚተሳሰሩ ነው። ሁሉንም ለሰበቃ ልስጠው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ለወንድምሽ አንድ ነገር አለኝ። ከዓመታት በፊት ከከተማው ወጣ ካለ ቦታ የጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ ብለው ጠሩኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ፓምፑ ረጅም ዘንግ ያለው፣ ዘንጉ በጎማ ኩሽኔታ የሚደገፍ ዓይነት ነው። ያንን ጎማ የሚቀባው የሚስበው ውሃ ራሱ ነው። ሠራተኞቹ ውሃ ሳያጠጡ አስነሥተውታል። ጎማው ተቃጥሎ ጠቁሮ ነበር። አዲስ ቀየርንላቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ጠሩኝ። አንዱ ለደግነት ብሎ ግራሶ ቀብቶበታል! ጎማው በግራሶው አብጦ ዘንጉን ጨምድዶ ይዞታል። ሰውየው ክፉ አላሰበም። ኩሽኔታ ሁሉ ግራሶ የሚፈልግ መስሎት ነው። የመርከብ ዘንግም እንደዚሁ ለብዙ ዘመን በእንጨት፣ በኋላም በጎማ ላይ ተደግፎ በባሕር ውሃ ሲቀባ ኖሯል። ወንድምሽ የሚያውቀው ሕግ የብረት ሕግ ነው። ብረት በሠራ ቁጥር ይበላል፣ አይተካም። ካርቲሌጅ ግን የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ይህ ውሃ ሲገባና ሲወጣ ነው። ይቀመጡ ማለት ምግብ ይቋረጥ ማለት ነው። ለጤናቸው ብለው በመጠኑ የሚሮጡ ሰዎች እንኳ ጉልበታቸው ከተቀማጮቹ የባሰ ሆኖ አልተገኘም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ከሙያዬ ሳልወጣ የምለው ጥቂት ነው። በቁሙና በንባቡ ጊዜ ሰው ሳያይባቸው ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ። መቋሚያውን ይደገፉበት፤ ለዚያ ነው ያለው። ከተቀመጡበት ከመነሣታቸው በፊት እግራቸውን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ዘርጋ አጠፍ ያድርጉት። በየቀኑ ሜዳ ሜዳውን ይራመዱ። ቁልቁለት፣ ለምሳሌ ከቁስቋም መውረድ፣ ከዳገቱ ይልቅ ጉልበትን ይጎዳል፤ ቀስ ይበሉ። ክብደት ካላቸው መቀነሱ ከምታስቢው በላይ ይጠቅማል። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታቸው ላይ አራት ኪሎ ያህል ይነሣል። ስግደቱን በተመለከተ እኔ አፌን አልከፍትም። ጉልበት ጥልቅ ብሎ ሲታጠፍ ከፊት ባለው የጉልበት ሎሚ ላይ ብዙ ጫና እንደሚያርፍ ብቻ እናገራለሁ፤ የቀረውን ከሐኪሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይምከሩ።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ይህን ልብ በይላቸው። ጠዋት ያለው መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ ጉልበቱ የሚያብጥ፣ የሚቀላ ወይም የሚግል ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋም የሚል ከሆነ ነገሩ የሰበቃ ወሬ አይደለም። አትዘግዩ።

በብዛት የሚሰጠው መርፌ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ጎረቤታችሁ የትኛውን እንዳለች ጠይቋት። አንደኛው እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ከቅባት ጋር ግንኙነት የለውም። ሁለተኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። «ዘይት» የሚሉት እሱን ነው። መጋጠሚያው ራሱ ከሚሠራው ዝልግልግ ነገር ጋር አንድ ነው። ሐሳቡ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ግን ከላይ ያወራነውን ካስታወስሽ የላላውን ጆንያ አያጠብቅም። ፈሳሹም አብዛኛው በቀናት ውስጥ ከጉልበቱ ይወጣል። ብዙ ሙከራዎች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ የጨው ውሃ ብቻ ከተወጉት ሰዎች ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ነው የተገኘው። ተሻለኝ የሚል ሰው አለ፤ አልክድም። እኔ ብሆን ግን ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ጭን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሁለት ሦስት ወር እሞክር ነበር።

ተልባው ቀረ። ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። ተልባ ተነክሮ የሚያወጣውን ልጋግ በሁለት ጣትሽ ብታሺው የመጋጠሚያ ፈሳሽ ይመስላል፤ ሲረጋ ይወፍራል፣ ሲታሽ ይቀጥናል፣ ያዳልጣል። ሲጠጣ ግን ያ ልጋግ ከአንጀት ወደ ደም አያልፍም። የኔታ ከወደዱት ይጠጡት፣ ለሆድ ድርቀት ደኅና ነው። ብቻ ከጠጡ በኋላ ጉልበታቸውን ለማሳረፍ ብለው ቁጭ እንዳይሉ።